አማርኛ መግለጫ ላላቸው ፎቶግራፎች የዲጂታል ሀብት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ስንሠራ፣ ፍለጋውንና ቀኑን እንዴት እናዋቅር?

መዝገብ ቤት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተነሡ ወደ 40,000 የሚጠጉ ፎቶግራፎች ላሉት አንድ የባህል ተቋም የዲጂታል ሀብት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር እየሠራን ነው። ፎቶግራፎቹ ስካን ተደርገው አልቀዋል፤ በየጀርባቸው በእጅ የተጻፈው መግለጫም እንዳለ ወደ ዳታቤዙ ገብቷል። ችግሩ የታየው ሰዎች መፈለግ ሲጀምሩ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የተቋሙ ባለሙያ «ጸሀይ» ብላ ፈልጋ ምንም አላገኘችም፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ «ፀሐይ» ብዬ ስጽፍ 11 ፎቶግራፎች ወጡ። «ጎንደር» እና «ጐንደር»ም ሁለት የተለያዩ ከተሞች ሆነው ተቀምጠዋል። አንዱ ባልደረባችን መግለጫዎቹን በሙሉ በአንድ ዓይነት ፊደል አርመን እንተካቸው ይላል፤ እኔን ግን ልቤ አልተቀበለውም። ሁለተኛው ጥያቄዬ ቀንን ይመለከታል፤ አብዛኛው ጀርባ ላይ የሚገኘው «1966 ዓ.ም.» ወይም «ጥቅምት 66» ብቻ ሲሆን፣ የዳታቤዙ የቀን ዐምድ ሙሉ ቀን ካልተሰጠው አይቀበልም። ምን ትመክሩናላችሁ?

ኮድ ጸሐፊ፦
የተጻፈውን እንዳትነኩት እለምናችኋለሁ። በፎቶግራፉ ጀርባ የሰፈረው አጻጻፍ ራሱ የሀብቱ አካል ነው፤ አንዴ ታርሞ ከተተካ ደግሞ መመለሻ የለውም። ከመግለጫው ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግልና ተጠቃሚው የማያየው ሌላ ዐምድ ፍጠሩ። በዚያ ዐምድ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነሆሄያቸው ይለወጣሉ፤ በአማርኛ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በድምፅ ስለማይለያዩ እነሱም አንድ ይሁኑ፤ ጐ ወደ ጎ፣ ኰ ወደ ኮ ይምጡ። ፈላጊው የሚጽፈው ቃልም ከዳታቤዙ ጋር ከመነጻጸሩ በፊት በዚያው ፊደል ለዋጭ ፋንክሽን (የኮድ ክፍል) ማለፍ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

«የዓድዋ»፣ «በአድዋ»፣ «ከዐድዋ» የሚሉትን ለማገናኘት ከቃሉ መነሻ የ፣ በ፣ ለ እና ከን ቆርጦ መጣል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ሲደረግ በላይ የተባለው ሰው «ላይ»፣ ከበደ ደግሞ «በደ» ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቃሉን እንዳለም፣ መነሻው ተነሥቶለትም፣ ሁለቱንም መዝግቡ። ውጤቱ ሲደረደር ደግሞ ልክ ፈላጊው እንደጻፈው የተጻፈው ይቅደም፤ «ሰረቀ» የሌባ፣ «ሠረቀ» የፀሐይ መሆኑን ለይቶ የሚጽፍ ሰው ዛሬም አለ።

የማኅደር ሠራተኛ፦
የቀኑ ጉዳይ ከፊደሉ የባሰ ጥፋት ሊያመጣ ስለሚችል በእሱ ላይ ልቆይ። አንድ የቀን ዐምድ አይበቃችሁም። በጀርባው እንደተጻፈው የሚቀመጥ ጽሑፍ፣ የመጀመሪያው ሊሆን የሚችል ቀን፣ የመጨረሻው ሊሆን የሚችል ቀን እና የዘመን አቆጣጠሩ ዓይነት በየራሳቸው ይቀመጡ። «1966 ዓ.ም.» ማለት እንደ ፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1974 ነው፤ «ጥቅምት 1966» ደግሞ ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 1973። 8 ደምሮ «1974» ብሎ የሚያልፍ ፕሮግራም፣ በጥቅምት 1966 ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋናቸው ሳሉ የተነሣውን ፎቶግራፍ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ከተነሡት ጋር ይቀላቅለዋል። የታሪክ ተመራማሪ በእንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ተመርቶ ሲጽፍ ማየት ያሳዝናል። «66» ብቻ የተባለውንም በችኮላ 1966 ዓ.ም. አታድርጉት፤ ፎቶግራፍ አንሺው የውጭ ሰው ከሆነ የፈረንጆቹ 1966 ሊሆን ይችላል።

ብርሃንና ጥላ፦
መግለጫውን በፎቶግራፉ ፋይል ውስጥም የምትጽፉ ከሆነ አንድ ነገር አስተውሉ። አይፒቲሲ በተባለው፣ መግለጫ በፎቶግራፍ ፋይል ውስጥ በሚጻፍበት አሮጌ አሠራር፣ የፎቶግራፍ አንሺው ስም የተሰጠው ቦታ 32 ባይት ብቻ ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ማስቀመጫ ሥርዓት አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ከ10 ፊደል በላይ አይገባም። «ገብረ ማርያም ወልደ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብትጽፉ «ገብረ ማርያም ወልደ» ሲደርስ ከነክፍተቶቹ ልክ 32 ባይት ይሞላና «ሥላሴ» ተቆርጦ ይቀራል። ፊደል መሐል ስላልተቆረጠም ማንም ስሕተት መሆኑን አያውቅም። ኤክስኤምፒ በተባለው አዲሱ አሠራር ብቻ ጻፉ፤ በእሱ ይህ ገደብ የለም። የስካኑን ዋና ቅጂ ግን ጨርሶ አትንኩት፤ ሶፍትዌሩ ማንበብ እንጂ መጻፍ በማይችልበት ፎልደር አስቀምጡት፤ ሳይለወጥ መቆየቱንም ኤስኤችኤ-256 በተባለው የፋይል «አሻራ» ማውጫ ስሌት በየጊዜው አረጋግጡ።

መዝገብ ቤት (ጠያቂ)፦
ከልብ አመሰግናለሁ። የፍለጋውን ዐምድ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሞከርነው፤ «ጸሀይ» ሲባል አሁን 14 ፎቶግራፎች ይወጣሉ፤ ሦስቱን «ፀሀይ» ተብለው ስለተጻፉ እኔም አላገኘኋቸውም ነበር። ማረሙን የጠየቀው ባልደረባችንም ይህን አይቶ ሐሳቡን ለውጧል። የቀኑን ዐምድ ነገ በተባለው መሠረት በአራት እንከፍለዋለን። ስሞቹን በተመለከተ ከ32 ባይት የሚበልጡትን ስንፈልግ ሰባት አገኘን፤ ቀደም ሲል ፋይል ውስጥ ጽፈናቸው ስለነበር፣ ከየጀርባው ስካን ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ጀምረናል።