በመስታወት ላይ ጣት ባረፈበት ቦታ ብቻ ንዝረት መፍጠር እንዴት ይቻላል?

ጥያቄ፦
1 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው፣ 20 በ15 ሴንቲሜትር በሆነ መስታወት ንክኪ የሚቀበል የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ እየሠራሁ ነው። የምፈልገው ተጠቃሚው ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ብቻ እንዲነዝር፣ አጠገቡ ያለው ሌላ ጣት ግን ምንም እንዳይሰማው ነው። ከአራቱም ማዕዘኖች ሥር የፒዞ ዲስክ (ኤሌክትሪክ ሲሰጠው የሚነዝር፣ ሲነዝር ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ስስ ዲስክ) ለጥፌ፣ ቆዳ ንዝረትን ይበልጥ የሚለየው 250 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ በዚሁ ድግግሞሽ ሞከርኩ። ሲግናሎቹ የሚዘገዩበትን ጊዜ ባቀያይርም መስታወቱ በሙሉ አብሮ ይነዝራል። ችግሩ የዲስኮቹ ማነስ ነው ወይስ የአሠራሩ?

መልስ 1፦
ዲስክ ከመጨመርዎ በፊት የሞገዱን ርዝመት ያስሉ። በስስ መስታወት ላይ የሚጓዘው ሞገድ መስታወቱን የሚያጎብጥ ዓይነት ሲሆን፣ ድግግሞሹ አራት እጥፍ ሲያድግ ርዝመቱ የሚያጥረው በግማሽ ብቻ ነው። በእርስዎ መስታወት ላይ በ250 ኸርዝ ወደ 20 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ይህም የሰሌዳው ርዝመት ራሱ ነው። ከዳር የሚላክ ሞገድ ሊሰበሰብ የሚችለው የርዝመቱን ግማሽ በሚያህል ቦታ ላይ ስለሆነ፣ በዚህ ድግግሞሽ ዳር ዳሩን መቶ ዲስክ ቢደረድሩም ለውጥ አያመጣም። በ25 ኪሎኸርዝ ግን የሞገዱ ርዝመት 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የጣት ጫፍ የሚያህል ቦታ ላይ ማተኮር ይቻላል ማለት ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ነገር ግን 25 ኪሎኸርዝ ለቆዳ ጨርሶ አይሰማም። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

መልስ 2፦
ያልተቋረጠ ንዝረት ከላኩ በእርግጥ አይሰማም። መላክ ያለብዎት በተፈለገው ነጥብ ላይ ለቅጽበት የሚሰበሰብ አጭር ምት ነው፤ ምቱን በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ጊዜ ሲደጋግሙት ጣት የሚያውቀው ድግግሞሹን ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ዘዴ በፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ በማቲያስ ፊንክ ሥራዎች የታወቀው የጊዜ ግልበጣ ነው። በነጥቡ ላይ የ0.5 ሚሊሜትር የእርሳስ ቀለም ጫፍ ተጭነው ይስበሩ፣ ስብራቱ የፈጠረውን ሞገድ በአራቱም ዲስኮች ይቅዱ፣ ከዚያም ቅጂዎቹን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጠው በየዲስኮቹ ያጫውቱ። የማዘግየት ሙከራዎ በከፍተኛ ድግግሞሽም ቢሆን ብቻውን አያዋጣም፤ በመስታወት ውስጥ ከፍተኛው ድግግሞሽ ከዝቅተኛው ቀድሞ ስለሚደርስ ምቱ በመንገድ ላይ ይበተናል። ግልበጣው ዘገምተኛውን ክፍል አስቀድሞ ስለሚልክ ሁሉም እኩል ይደርሳሉ። ከጠርዝ የሚመለሰው ማስተጋባትም እንደ ተጨማሪ ዲስክ ስለሚያገለግል፣ መስታወቱን በፍሬም አጥብቀው ከማሰር ይልቅ በጥቂት ትንንሽ ስፖንጆች ላይ ያሳርፉት።

መልስ 3፦
በዘዴው እስማማለሁ፤ በተግባር ግን የሚያስቸግረው ጣቱ ራሱ ነው። ጣት ኃይል ስለሚመጥ፣ የሙቀት ለውጥም የሞገዱን ፍጥነት ስለሚያዛባ፣ ባዶ መስታወት ላይ የተቀዳው ሲግናል ከጊዜ በኋላ ይደክማል። ቅጂውን አልፎ አልፎ ማደስ የሚያስችል ሶፍትዌር ከወዲሁ ያስቡበት። ውጤቱን በጣትዎ ብቻ አይመዝኑ፤ ቀላል የፒዞ ሴንሰር በትንሽ ሰም አጣብቀው፣ በነጥቡ ላይና 2 ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ያለውን የንዝረት ከፍታ በኦሲሎስኮፕ (ሲግናልን በስክሪን በሚያሳይ መሣሪያ) ያነጻጽሩ።

ምቱ ደካማ ከሆነ የተገለበጠውን ሲግናል ምልክቱን ብቻ አስቀርተው፣ ማለትም ፖዘቲቩን ሁሉ ወደ ሙሉ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ፣ ኔጋቲቩን ሁሉ ወደ ሙሉ ኔጋቲቭ ቮልቴጅ አድርገው ይላኩት፤ ትኩረቱ ብዙም ሳይበላሽ ጉልበቱ ይጨምራል። ጫጫታው ግን አይቀርም፤ በሰከንድ 150 ጊዜ የሚደጋገም ምት ለጆሮም ይሰማል።

አምፕሊፋየሩንም አይርሱት። ፒዞ እንደ ካፓሲተር (ቻርጅ እንደሚያጠራቅም የኤሌክትሪክ ክፍል) ስለሆነ ድግግሞሹ ሲጨምር የሚስበው ኤሌክትሪክም ይጨምራል፤ የማጠራቀም አቅሙ 20 ናኖፋራድ የሆነ ዲስክ በ25 ኪሎኸርዝና በ150 ቮልት ወደ ግማሽ አምፔር ይስባል። ለ250 ኸርዝ የመረጡት አምፕሊፋየር የሚያስፈልገው የዚህን አንድ መቶኛ ብቻ ስለነበር፣ ግልበጣውን ከመሞከርዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ።