ቢልጫ ዝንቡን አይቶ ይመለስብኛል

ከደብረ ብርሃን ወረድ ብሎ፣ የበረሳ ወንዝ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርድበት ገደላማ ቦታ ዓሣ አጠምዳለሁ። በጋው ስለገፋ ውሃው ብዙ ቦታ ከጉልበት በታች ነው፤ ከመጥራቱ የተነሳ ጠጠሩ ይቆጠራል። የማጠምደው ዓሣ፣ ቢልጫው፣ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ችግሩ እሱም እኔን ማየቱ ነው!

ዘንጌ 2.7 ሜትር፣ ክሩ በክብደት ደረጃ ቁጥር 5፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ቀጭን ናይለን አለው። ዝንቡን፣ ማለትም እውነተኛ ዝንብ የሚመስለውን ማታለያ፣ ከዶሮ ላባና ከጥቁር ክር፣ በቁጥር 12 መንጠቆ ላይ ራሴ ነኝ የምሠራው። በትል እንደሚያዝ አውቃለሁ፤ እኔ የምፈልገው በዝንብ ነው። ጥላዬ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቄ፣ ጎንበስ ብዬ ከታች ወደ ላይ እየሄድኩ እወረውራለሁ። አብዛኛው ዓሣ ክሩ ገና ውሃ ሲነካ ይበተናል። ያልሸሸው ደግሞ ከተንሳፈፈው ዝንብ ሥር አፍንጫውን አስጠግቶ፣ አብሮት ትንሽ ይወርድና ጭራውን ወዝወዝ አድርጎ ድንጋይ ሥር ይገባል። አምባዛ ቢሆን እስካሁን ውጦት ነበር።

እንዲህ ባለ ውሃ ቢልጫ የያዛችሁ፣ ማንሳፈፉን ትቼ ዝንቡን በቀጭን የመዳብ ሽቦ አክብጄ በጠጠሩ ላይ ላስኪደው ወይስ ናይለኑን ላስረዝመው?