በሚሽከረከር የሲኤንሲ ቅርጽ ላይ ያለው ሸካራ ጎን ምክንያቱ ምን ይሆን?

ሰላም ለሁላችሁ፤ በሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር በሚመራ የመቅረጫ ማሽን፣ የሠራችሁ ባለሙያዎች ብትረዱኝ። ከዋንዛ የአልጋ እግር እያሽከረከርኩ ሐረግና ቅጠል እቀርጻለሁ። እንጨቱ ዲያሜትሩ 80 ሚሊሜትር ነው። ለማጠናቀቂያ የምጠቀመው ጫፉ ክብ የሆነ ባለ 6 ሚሊሜትር መቁረጫ ሲሆን፣ መቁረጫው በሚሄድበት መስመርና በቀጣዩ መስመር መካከል 0.4 ሚሊሜትር እተዋለሁ። በስሌት ከሄድን በመስመሮቹ መካከል ሳይቆረጥ የሚቀረው ጉብታ ከ0.01 ሚሊሜትር በታች መሆን ነበረበት።

የሚወጣው ግን ሌላ ነው። የእያንዳንዱ ቅጠል አንዱ ጎን ልስልስ ሲሆን ሌላኛው እንደ ሞረድ ይቧጥጣል። በተለይ እንጨቱ የመዞሪያ አቅጣጫውን በሚቀይርበት ቦታ ላይ ደረጃ ደረጃ የሠራ መስመር በግልጽ ይታያል። መቁረጫውን በአዲስ ቀየርኩ፣ ቀበቶውን አጠበቅሁ፣ የኋላ መደገፊያውንም ፈተሽኩ፤ ለውጥ የለም።

ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው የማዞሪያው ጥርሶች ክፍተት ነው፤ 0.1 ዲግሪ ብቻ ቢላላ እንኳ በዚህ ውፍረት ላይ 0.07 ሚሊሜትር ያህል ያዛንፋል። ሁለተኛው የመቁረጫው ጫፍ በትክክል ከእንጨቱ መሃል በላይ አለመዋሉ ነው። ሁለቱን ለይቼ የማውቅበት ፍተሻ አለ? በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየዞረ እንዲቆርጥ ባደርግ ጥፋቱ የጥርሱ መሆኑን ያረጋግጥልኛል?

«በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው» የሚለውን ምክር ግን እባካችሁ ተዉልኝ፤ የቅጠሉን ጅማት ያጠፋብኛል።