ዛሬ ቀይ ነው ብለው መለሱን! ልጆች ይዘን የት እንዋኝ?

ብሩክ ከኮሎኝ፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ በሉ። ጥበቃው "ዛሬ ቀይ ነው" ብሎ መለሰን። የ8 እና የ5 ዓመት ልጆች ይዘናል፣ ትንሿ ማልቀስ ጀምራለች። ኤን-ቮ የሚባለውን የባሕር ዳርቻ ለማየት ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው። ሌሎች በካያክ ጀልባ ሲገቡ ዓይናችን እያየ ነው። እኛን ብቻ ነው እንዴ? ሌላ መግቢያ የለውም?

ሚሚ፦ ወንድሜ፣ የት አገር ሆነህ ነው?

ብሩክ ከኮሎኝ፦ ይቅርታ፣ ፈረንሳይ፣ ካሲ፣ ማርሴይ አጠገብ። ፖር-ሚዩ ፓርኪንጉ ጋ ቆመናል።

ጋሽ ታዴ፦ ልጄ፣ እንደ ኤን-ቮ ያሉት ካላንክ የሚባሉት በነጭ ቋጥኝ መሃል ባሕሩ ሰርጎ የገባባቸው ጠባብ ቦታዎች ናቸው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 የእሳት አደጋው በየቀኑ ይታያል። ጥዱ ደርቋል፣ በዚያ ላይ ሚስትራል የሚሉት ነፋስ አለ። ቀይ ከሆነ ለእግረኛ ዝግ ነው። የነገው ቀለም ዛሬ ማታ ይወጣል። ሰው ከመውጣቱ በፊት ያያል እንጂ!

ዋናተኛው፦ ኤን-ቮ በጣም ቆንጆ ነው። በፖር-ፓን በኩል አድርጋችሁ በጠዋት ሂዱ።

ሚሚ፦ ዝግ ነው እያለህ!

ዋናተኛው፦ እኮ በጠዋት።

የላንጋኖ ልጅ፦ ላንጋኖ ቀይም አረንጓዴም የለው። ውሃው ቡናማ ነው ብቻ።

የማርሴይዋ፦ ብሩክ፣ ማንም ለይቶ የከለከለህ የለም። ካያኮቹ በባሕር ነው የገቡት፣ ክልከላው ለእግረኛ ነው። በጓሮ እገባለሁ ብትል ደግሞ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው። ደግሞስ በ5 ዓመት ልጅ የኤን-ቮን ቁልቁለት? ተሸክመህ ነው የምትመለሰው። አሁን ወደ ከተማው ተመለሱ፣ በእግር ሩቅ ያልሆነ ቤስቱዋን የሚባል ቢች ታገኛላችሁ። ጠጠር ስለሆነ የውሃ ጫማ አድርጉላቸው። አሸዋ ካሉ ወደቡ አጠገብ ያለው ግራንድ ሜር ይሻላል። ኤን-ቮን ማየት ብቻ ከሆነ ከወደቡ ጀልባ አለ፣ ግን ነፋስ ከበረታ ይቀራልና ትኬት ቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ዛሬ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነው የሚነፍሰው። ዳር ላይ ውሃው ጸጥ ያለ ስለሚመስል ሰው ይሸወዳል። የሚነፋ መጫወቻ ካላችሁ መኪና ውስጥ ይቅር። ልጅ ጭኖ ሲሄድ በዋና አትደርስበትም።

ብሩክ ከኮሎኝ፦ ተባረኪ እህቴ። ቤስቱዋን ገባን። ውሃው ግን በረዶ ነው! ልጆቹ እግራቸውን ነክረው ሮጠው ወጡ።

የማርሴይዋ፦ ሃሃ፣ እሱን ረሳሁት። እዚያ ከመሬት ሥር የሚመጣ ወንዝ ባሕሩ ውስጥ ይወጣል። በዚያ ላይ ሚስትራል የላዩን ሙቅ ውሃ ገፍቶ ይወስደዋል፣ ቀዝቃዛው ከሥር ይመጣል።

ጋሽ ታዴ፦ እኔም ልል የነበረው እሱን ነው።

ብሩክ ከኮሎኝ፦ ትልቁ ዳክዬዋን ነፍቶ ጨርሷል፣ እንቢ አለኝ። ለአምስት ደቂቃ ብቻ ብትሆንስ?

የማርሴይዋ፦ አይሆንም!

ሚሚ፦ ብሩክ?

የላንጋኖ ልጅ፦ ዳክዬዋ ኮርሲካ ደርሳለች በሉ።