ሉፐስ ላለባት ሰው የመኪና መስታወት ማጥቆር፣ የሐኪም ወረቀት ይሠራል ወይ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። እህቴ ሉፐስ አለባት፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት፣ ፀሐይ የሚያባብሰው ሕመም ነው። ቤቷ ድሬ ነው፣ የምታስተምረው ሐረር፣ በቪትዟ በየቀኑ ደርሶ መልስ ትነዳለች። ሐኪሟ ከፀሐይ ራቂ ብሏታል፣ ግን ወዴት ትራቅ? ጠዋት ወደ ደንገጎ ስትወጣ ፀሐዩ በግራ፣ በራሷ መስኮት ይገባል፣ ደንገጎን አልፋ ወደ ሐረር ስትታጠፍ ደግሞ ፊት ለፊት ይመጣል። ማታ ስትገባ ፊቷ በርበሬ መስሎ ነው፣ መገጣጠሚያዋም አላንቀሳቅስ ይላታል። ባለፈው የፊት ሁለቱን መስኮቶች ጥቁር ላስቲክ አስለጠፍንላት። ሳምንት ሳይሞላው ትራፊክ አስቆማትና ላጪው አላት። የሐኪም ወረቀቷን አሳየችው። አነበበና "እግዜር ይማርሽ፣ ላስቲኩን ግን አንሺ" አለ። ክፉ ሰው አይደለም እኮ! ምን ይሻለናል?

ባለ አይሱዙው፦
አቦ እህትህን ይማርልን። እኔ ግን ከትራፊኩ ጋር ነኝ። እስኪ ደንገጎን ማታ በጥቁር መስታወት ውረድ፣ ኩርባው ላይ ሰውም ፍየልም አይታይህም። እኔ አንዴ የጓደኛዬን መኪና ይዤ መስታወቱን ዝቅ አድርጌ አንገቴን አውጥቼ ነው የወረድኩት፣ ታዲያ ላስቲኩ ምን ሠራ? ስለ ፀሐዩ ግን አልዋሽም፣ ስንት ዓመት ነድቼ ግራ ክንዴ የሌላ ሰው መስሏል።

ላስቲክ ለጣፊው፦
ሥራዬ ስለሆነ ልናገር። ሰው ጥቁረቱ የሚከላከል ይመስለዋል። ሉፐስን በዋናነት የሚቀሰቅሰው አልትራቫዮሌት የሚባለው በዓይን የማይታይ ጨረር ነው፣ ላስቲክ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ደግሞ እሱን ያግዳል ማለት አይደለም። ምንም ሳያጠቁር 99 በመቶ ገደማ የሚያግድ ጥርት ያለ ፊልም አለ። የፊቱ ትልቁ መስታወት በሁለት መስታወት መሃል ፕላስቲክ ገብቶበት ስለሚሠራ አብዛኛውን ጨረር ራሱ ያስቀራል። የጎኑ ነው ነገረኛው፣ ነጠላ ስለሆነ ከአልትራቫዮሌቱ ዩቪኤ የሚባለው ዓይነት ያልፍበታል። ስለዚህ ፊት ለፊት ከሚመጣው ይልቅ በግራ የሚገባውን ፍሩ። ደግሞ ሻጭ "70 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል" ሲላችሁ ተጠንቀቁ፣ መስታወቱ ብቻውን 80 የሚያሳልፍ ከሆነ ላስቲኩ ሲደረብበት 56 ላይ ነው የሚወርደው።

ከሐረር ካሊፎርኒያ፦
እዚህ ካሊፎርኒያ የፊት ጎን መስታወት ላስቲኩ ተለጥፎም ቢያንስ 70 በመቶ ብርሃን ማሳለፍ አለበት። የታመመ ሰው ሐኪም የፈረመበትን ደብዳቤ መኪናው ውስጥ ከያዘ የጎን መስኮቱ ላይ ፀሐይ መከላከያ ማድረግ ይችላል፣ ግን ተነቃይ መሆን አለበት፣ እንደሚጠቀለል መጋረጃ ያለ፣ ሲመሽ ደግሞ አይፈቀድም። ባለ አይሱዙው የሚፈራውን እነሱም ፈርተውታል ማለት ነው። ኒውዮርክ ደግሞ ሉፐስን በስሙ ጠርቶ መስታወት ማጥቆር ከሚፈቀድላቸው ሕመሞች ውስጥ አስገብቶታል። በእርግጥ የካሊፎርኒያን ሕግ ለድሬ ትራፊክ ብታነብለት ይስቅብሃል።

ነርሷ፦
ላስቲክ ለጣፊው ያለው ለሉፐስ ልክ ነው። ግን እንደ ፖርፊሪያ ባሉ፣ ቆዳን ለብርሃን በሚያስቆጡ ሕመሞች በዓይን የሚታየው ብርሃንም ይጎዳል፣ ለእነሱ ጥርት ያለው ብቻ አይበቃም። እህትህም ፊልም ተለጠፈ ብላ እጅጌዋን እንዳትሰበስብ። የፀሐይ ክሬሙንም አትተው፣ መስኮት ከፍታ ስትነዳ ፊልሙ የለም እኮ።

የሳቢያን ልጅ፦
ወላሂ ተባረኩ። መስኮት መክፈቱን ረስቼው ነበር፣ የድሬ ሙቀት ላይ ኤሲዋ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፣ መጀመሪያ እሱን ማሠራት ሊኖርብን ነው። ላስቲክ ለጣፊው፣ ጥርት ያለው አለህ?

ላስቲክ ለጣፊው፦
አሁን እጄ ላይ የለም፣ አስመጣለሁ። ጥቁሩን ግን በደረቁ እንዳትልጡት፣ በፀጉር ማድረቂያ አሙቃችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡት፣ አለዚያ ሙጫው ተጣብቆ ይቀርና ለእኔ ሌላ ሥራ ነው የምትጨምሩብኝ።