ፍጹም ዋጋ፦ −5 ለምን መልስ አይሆንም?

ሰላም ወገኖች፣ የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ላይ አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል።

ፍጹም ዋጋ ከዜሮ ያለው ርቀት መሆኑን አውቃለሁ። |2ሸ − 3| = 7 ከሆነ ውስጡ 7 ወይም −7 ነው፤ መልሱም 5 እና −2። |ሸ + 6| = −2 መልስ የለውም፤ ርቀት ኔጋቲቭ አይሆንማ። እስከዚህ ችግር የለም።

ያስጨነቀኝ ይሄ ነው፦ |ሸ − 4| = 2ሸ + 1። ሸ − 4 = 2ሸ + 1 ስል −5 ይወጣል። ሸ − 4 = −(2ሸ + 1) ስል ደግሞ 1። መልሼ ስተካ 1 ይሠራል። −5 ግን በግራ 9፣ በቀኝ −9 ይሰጣል።

አስተማሪያችን "ያልሠራውን ጣሉት" ብለው አለፉ። እኔ የምፈልገው ምክንያቱን ነው። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የማይሠራ ቁጥር ከየት መጣ? የበለጠ የገረመኝ፣ ቀኙንም ፍጹም ዋጋ ውስጥ ሳስገባው፣ ማለትም |ሸ − 4| = |2ሸ + 1| ሲሆን፣ ሁለቱም ይሠራሉ!

መጀመሪያ 2ሸ + 1 ≥ 0 መሆኑን ባይ፣ መተካቱ ይቀርልኛል? ወይስ ሁሌም ልተካ? በግራፍ የምታሳዩኝ ካላችሁ እባካችሁ፣ ፈተናው ደርሷል።