የዕድገት ሆርሞን በዕድሜ የሳሳን አጥንት ይመልሳል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰናይት

ጤና ይስጥልኝ። የ64 ዓመቷ እናቴ ከሁለት ወር በፊት ደልዳላ ወለል ላይ አዳልጧት ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሐኪሙ እንዲህ ባለ ቀላል አወዳደቅ ጤነኛ አጥንት ሊሰበር አይገባም ብለው የአጥንት ጥግግት ምርመራ አዘዙላት፤ የአከርካሪዋ ውጤትም ከዜሮ በታች 2.8 ሆነ። ከዜሮ በታች 2.5 የደረሰ ወይም ያለፈ ውጤት የአጥንት መሳሳት ተብሎ እንደሚመደብ ያን ዕለት ነው የሰማነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ የቅርብ ዘመዳችን በኢንተርኔት የሚሸጥ የዕድገት ሆርሞን መርፌ ይገዛላት ብሎ አጥብቆ ይከራከረናል። የሚያቀርበው ምክንያት ደግሞ ሲሰሙት የሚያሳምን ነው። የዕድገት ሆርሞን ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፤ እሱ ሲቀንስ ጉበት የሚያመነጨው አይ ጂ ኤፍ-1 የተባለው የዕድገት አነቃቂ አብሮ ይቀንሳል፤ አጥንትም በዚያው ዕድሜ ይሳሳል፤ ስለዚህ የጎደለውን መሙላት ነው ይላል። በ1990 ታትሞ የወጣ፣ በአረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናትም ይጠቅሳል። ሐኪሙ ግን ስለዚህ መርፌ አንዳች ነገር አላነሱም። የዘመዳችን ክርክር ስሕተቱ የት ላይ ነው? ወይስ ስሕተት የለበትም? እናቴ መልሱን በጉጉት እየጠበቀች ስለሆነ በማስረጃ ብታብራሩልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ ኤልያስ

እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። እኔ የአጥንት ህዋሳትን በቤተ ሙከራ የማጠና ሰው እንጂ ሐኪም ስላልሆንኩ የምመልሰው የክርክሩን ሳይንሳዊ ክፍል ብቻ ነው።

ዘመድዎ የተነሡባቸው ነጥቦች እውነት ናቸው። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ የዕድገት ሆርሞንን በብዛት የምትለቀው በእንቅልፍ ሰዓት ሲሆን፣ መጠኑም ከወጣትነት በኋላ በየዐሥር ዓመቱ 14 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ችግሩ ያለው መደምደሚያው ላይ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ስለቀነሱ ብቻ አንዱን ከፍ ማድረግ ሌላውን ያነሣዋል ማለት አይደለም።

የ1990ውን ጥናት ቀረብ ብለን እንየው። ተሳታፊዎቹ ዕድሜያቸው ከ61 እስከ 81 የሆነ 21 ወንዶች ነበሩ፤ አንዲትም ሴት አልነበረችበትም። 12ቱ ለስድስት ወር በሳምንት ሦስት ጊዜ የዕድገት ሆርሞን ሲወጉ፣ የቀሩት ዘጠኙ ምንም አልተሰጣቸውም፤ የማስመሰያ መርፌ እንኳ አልነበረም። ሆርሞኑን የወሰዱት ሰዎች የሰውነታቸው ስብ ያልሆነ ክፍል 8.8 በመቶ ጨመረ፣ ስባቸው 14.4 በመቶ ቀነሰ፤ ለሻጮች ማስታወቂያ የሆነውም ይኸው ነው። ወደ አጥንት ስንመጣ ግን የታችኛው አከርካሪ ጥግግት የጨመረው 1.6 በመቶ ብቻ ነበር፤ በዳሌ አካባቢና በክንድ አጥንት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ያስታውሱ፦ የእናትዎ ስብራት የደረሰው እዚያው ክንድ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ በእኔ እምነት ከዚህኛው እጅግ የሚበልጥ ትምህርት የያዘ ሌላ ጥናት ወጥቶ ነበር። አጥንታቸው የሳሳ ሴቶች ለአራት ዓመት ፍሎራይድ ሲወስዱ የአከርካሪያቸው ጥግግት 35 በመቶ ጨመረ። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ተአምር ይመስላል። ሆኖም የአከርካሪ ስብራት በሚታመን መጠን አልቀነሰም፤ ከአከርካሪ ውጪ ባሉት አጥንቶች ላይ ያለው ስብራት ጭራሽ ጨመረ። በፍሎራይድ የተገነባው አጥንት በመሣሪያው ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ቢታይም ጥንካሬ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ አንድ መድኃኒት ለአጥንት ይበጃል ሲባል የምጠይቀው ጥግግትን በስንት እንዳሳደገ ሳይሆን ስብራትን በስንት እንደቀነሰ ነው። የዕድገት ሆርሞን ይህን ፈተና በጤነኛ አረጋውያን ላይ አላለፈም።

ምክንያቱን ለመረዳት አጥንት እንዴት እንደሚታደስ ማየት ይጠቅማል። አጥንት አፍራሽ የሆኑት ህዋሳት አንድ ቦታ ላይ ተጣብቀው አሲድና ኢንዛይም እያፈሰሱ ለሦስት ሳምንት ያህል ትንሽ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ገንቢዎቹ ያንኑ ጉድጓድ ለመሙላት ሦስት ወይም አራት ወር ይፈጅባቸዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ በመካከል የሚሆነው ነው። አጥንቱ በተሠራበት ጊዜ አይ ጂ ኤፍ-1ን እና ቲ ጂ ኤፍ-ቤታ የተባለውን ሌላ አነቃቂ በውስጡ ቀብሮ ያስቀምጣቸዋል፤ ቁፋሮው ሲደርስባቸው ይለቀቁና ገንቢዎቹን ወደ ተቆፈረው ቦታ ይጠራሉ። ስለዚህ መልእክቱ የሚያስፈልገው እዚያች ጉድጓድ ላይ፣ በዚያች ሰዓት ነው። ሆርሞኑ በመርፌ ተሰጥቶ በመላው ደም ውስጥ ሲሰራጭ ግን ግንባታውም ቁፋሮውም አብረው ይፋጠናሉ፤ ቁፋሮው ደግሞ ስለሚቀድም በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥግግቱ ዝቅ ሊል ሁሉ ይችላል።

ፒቱታሪ ዕጢያቸው ታሞ ሆርሞኑ በእርግጥ የጎደላቸው ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው፤ ለእነርሱ በሐኪም ክትትል የሚሰጥ ትክክለኛ መድኃኒት ነው። በጤነኛ አረጋውያን ላይ ግን እብጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅ አንጓ ነርቭ መታፈንና የደም ስኳር መጨመር ያስከትላል። አይ ጂ ኤፍ-1 ህዋሳት እንዲባዙ የሚገፋፋ በመሆኑ የካንሰር ሥጋትም ይነሣበታል። ኢኳዶር ውስጥ የዕድገት ሆርሞን ተቀባያቸው (ሆርሞኑ ህዋስ ላይ የሚያርፍበት ፕሮቲን) በተፈጥሮ የማይሠራ፣ ስለዚህም አይ ጂ ኤፍ-1 የሚያንሳቸው ሰዎች ለረጅም ዓመታት ተጠንተው፣ ካንሰርና የስኳር በሽታ በእነርሱ ዘንድ እጅግ ጥቂት መሆኑ በ2011 ታትሟል። ምንጩ ከማይታወቅ ሻጭ የሚገዛ መርፌ ሲሆን አደጋው በእነዚህ አያበቃም፤ በብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያረጋግጥ የለምና።

ምላሽ፦ ሕይወት

ኤልያስ ካብራሩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዋናው ተጠያቂ ሆርሞን ሳይነሣ መታለፍ የለበትምና። ከማረጥ በኋላ የሚመጣን የአጥንት መሳሳት ኤስትሮጅን ከተባለው የሴቶች ሆርሞን እጦት ጋር ያያያዘው አሜሪካዊው ሐኪም ፉለር ኦልብራይት ሲሆን፣ ጊዜውም 1941 ነበር። ኤስትሮጅን የአፍራሽ ህዋሳት ልጓም ነው፤ ልጓሙ ሲወልቅ ቁፋሮው ከሙሌቱ ይቀድማል፤ ለዚህም ነው ሴቶች ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት አጥንታቸው ፈጥኖ የሚሳሳው።

በ1994 ስለ አንድ የ28 ዓመት ወንድ የቀረበ ሪፖርት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የኤስትሮጅን ተቀባዩ በጂን ጉድለት የማይሠራ ሰው ነበር። ቁመቱ 204 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ገና ይረዝም ነበር፤ የአጥንቶቹ ጫፍ አልተዘጋም። የወንድ ሆርሞኑ አልጎደለም፤ አጥንቱ ግን እንደ አሮጊት አጥንት የሳሳ ነበር። ያለማቋረጥ እያደገ አጥንቱ የሚሳሳ ሰው ካለ፣ «ዕድገት» የሚለው ስም ብቻውን ስለ አጥንት ጥንካሬ ምንም እንደማይነግረን ዘመድዎ ይስማማሉ ብዬ አስባለሁ።

ሰናይት

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኤልያስን ጽሑፍ ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፤ ክንዷን እያየች «እንግዲያው የሚገነባ መድኃኒት ጨርሶ የለም ማለት ነው?» አለችኝ። መልስ አጥቼ ዝም አልኩ።

ምላሽ፦ ዳዊት

አለ፤ እናትዎ በዚህ ተስፋ አይቁረጡ። እኔ በዚህ ዘርፍ የምሠራ ሐኪም ነኝ። ቴሪፓራታይድ የተባለው መድኃኒት አንገት ውስጥ ካሉ ትንንሽ ዕጢዎች ከሚወጣው ፓራታይሮይድ ሆርሞን የተወሰደ ቁራጭ ነው። ይህ ሆርሞን ሳያቋርጥ ከፍ ብሎ ሲቆይ አጥንትን ይበላል፤ በቀን አንዴ በትንሹ ተወግቶ ቶሎ ከደም ሲወጣ ግን ይገነባል። ኤልያስ ስለ ሰዓት የተናገሩት እዚህም ይሠራል። በ2001 በታተመ፣ አከርካሪያቸው ቀድሞ የተሰበረ 1,637 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት አዲስ የአከርካሪ ስብራትን በ65 በመቶ ቀንሷል። በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው ሮሞሶዙማብ ደግሞ ስክለሮስቲን የተባለውን ገንቢዎችን የሚያግድ ፕሮቲን ሥራ ያስቆማል፤ በወር አንዴ ለ12 ወር ይሰጣል፤ በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ደም ሥር መዘጋት ወይም ስትሮክ ለደረሰበት ሰው ግን አይታዘዝም።

ለእናትዎ ከገንቢዎቹ ይጀመር ወይስ አፍራሾቹን ከሚገቱት መድኃኒቶች የሚለውን የሚወስኑት የሚያዩዋቸው ሐኪም ናቸው፤ ከዚያ በፊት የቫይታሚን ዲ፣ የካልሲየም፣ የታይሮይድና የኩላሊት ምርመራ ቢደረግላቸው መልካም ነው። የአከርካሪ ራጅም ይጠይቁ፤ ሳይታወቅ የቆየ ስብራት ከተገኘ ምርጫው ይለወጣልና። በየስድስት ወሩ የሚሰጠው፣ አፍራሾቹን የሚገታው ዴኖሱማብ ከታዘዘላቸው ደግሞ የሚቀጥለውን መርፌ ቀን ከመጀመሪያው ዕለት ይመዝግቡ፤ ይህ መድኃኒት ምትክ ሳይሰጥ ሲቋረጥ አፍራሾቹ በአንድ ጊዜ ስለሚነሡ በአከርካሪ ላይ ብዙ ስብራት ደራርቦ ሊያመጣ ይችላል።